ሺሚ፦ የጎማ እስክስታ

ሺሚ፦ ተሽከርካሪ በፍጥነት ላይ ሳለ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ሹፌሩ ሳያዛቸው አብረው ወደ ግራና ወደ ቀኝ በኃይል የሚመላለሱበት፣ መሪውንም የሚያንቀጠቅጡበት ብልሽት። በአማርኛ፦ የጎማ እስክስታ።

ከደምበጫ ተነስቶ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አድርጎ ቡሬ በሚገባው አስፋልት የሚመላለስ የላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ሹፌር ቃሉን ሰምቶት ባያውቅም ነገሩን ያውቀዋል። በሰዓት 70 ወይም 80 ኪሎ ሜትር እየነዳ አንደኛው የፊት ጎማ ትንሽ ጉድጓድ ይነካል። ሌላ ጊዜ አንዴ ነጥሮ የሚያልፈው መኪና በዚያች ቅጽበት መንቀጥቀጥ ይጀምርና አልበርድ ይላል። መሪው ከእጅ ሊያመልጥ ይታገላል፣ የፊት ለፊቱ አካል በሙሉ ይርገፈገፋል፣ ከኋላ የተሳፈሩት ሰዎች የጭነቱን ገመድ ይይዛሉ። ፍጥነቱ ሲወርድ ነገሩ በድንገት እንደመጣ በድንገት ይተዋል። ሹፌሩ ዳር ይዞ ወርዶ ቢያይ የተፈታ ጎማ የለም፤ ሲነሳም መኪናው ጤነኛ ነው። ጋራዥ ደርሶ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መሪው ይንቀጠቀጣል»።

መሪ የሚያንቀጠቅጥ ብልሽት ግን ብዙ ነው። የጋራዥ አማርኛችን ለዕቃው ስም አያጣም፤ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ቦኮላ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስቲኒ ከጣሊያንኛ ገብተው የእኛ ከሆኑ ቆይተዋል። ለሕመሙ ግን ሁሉንም «ይንቀጠቀጣል» ስለምንለው መካኒኩ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ሺሚ የራሱ ስም ሊኖረው የሚገባው ለዚህ ነው።

የስሙ አመጣጥ

ቃሉ የጭፈራ ስም ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ በአሜሪካ የተስፋፋ ሺሚ የሚባል ጭፈራ ነበር፤ ጨፋሪው ሌላ አካሉን ገታ አድርጎ ትከሻውን በፍጥነት ይሰብቃል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ትንሽ አየር የሚይዝ ወፍራም ጎማና የፊት ፍሬን በመኪኖች ላይ ሲለመዱ የፊት ጎማዎችም እንዲሁ መሰበቅ አበዙ፤ የጭፈራው ስም ለብልሽቱ ተሰጠ። በ1925 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው መሐንዲስ ብሩሊየ ስለ ችግሩ ጥናት ሲያሳትም የተጠቀመው ይህንኑ ስም ነው።

ጎጃም ውስጥ ትከሻ ለሚሰበቅበት ጭፈራ ስም ፍለጋ መሄድ አያሻም። «እስክስታ» ትርጉሙን ሙሉ በሙሉ ይሸከማል፤ ሁለት ትከሻ በአንድ አካል ተያይዞ እንደሚመላለስ ሁለቱ የፊት ጎማዎችም በአንድ ዘንግ ተያይዘው ይመላለሳሉ። በአሜሪካ ከባድ ፒክአፕ የሚነዱ ሰዎች ብርቱውን ሺሚ «ዴዝ ዎብል» ይሉታል፤ የሞት ውዝዋዜ እንደማለት ነው። የፎርድ ኤፍ 250 እና ኤፍ 350 ባለቤቶች በዚሁ ብልሽት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2019 ኩባንያውን ከሰዋል። ያ ስም ድንጋጤውን ይገልጻል እንጂ ጎማው ምን እያደረገ እንደሆነ አይናገርም፤ ስለዚህ «የጎማ እስክስታ» ይሻላል።

እስክስታ ያልሆነው

ሦስት ብልሽቶች በቀላሉ ከዚህ ጋር ይምታታሉ። አንደኛው ባላንስ ያጣ ጎማ ነው። ይህ ጉድጓድ አይጠብቅም፤ ፍጥነት ሲጨምር ቀስ እያለ ይመጣል፣ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ሁለተኛው የፍሬን ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ ሲለቀቅ ይተዋል። ሦስተኛው መኪናው መስመሩን አልይዝ ብሎ ወደ ዳር ሲስብ ወይም መሪው ባዶውን ሲዞር ነው፤ ሹፌሩን ያደክማል እንጂ አያርገፈግፍም። እስክስታ ከሦስቱም የሚለየው አንድ ነገር ስለሚቀሰቅሰው፣ ከተቀሰቀሰ በኋላ ደግሞ ቀስቃሹ አልፎም ራሱን ስለሚያስቀጥል ነው።

ለምን አልበርድ ይላል?

መልሱ በፊት አክስል አሠራር ላይ ነው። በ79 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ፣ ብዙ ጊዜ አምቡላንስ ሆኖ በምናየው ሀርድ ቶፕና በአይሱዙ ኤን ፒ አር የጭነት መኪና ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል ጫፍና ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ጎማ ሲነሳ አክስሉ በሙሉ ያጋድላል። በፍጥነት የሚሽከረከር ነገር ደግሞ ሲያጋድሉት በያዙት አቅጣጫ ብቻ አይሄድም፤ ወደ ጎን ይዞራል። ስለዚህ የጎማው መነሳት መሪውን ያዞራል፣ የመሪው መዞር መልሶ አክስሉን ያናውጣል። ላስቲኩ እንደ ላስቲክነቱ ጎማውን ወደ መሐል ሲመልሰው አልፎ ወደ ሌላው ጎን ይወስደዋል። ለዚህ ሁሉ ጉልበት የሚሰጠው የመኪናው የራሱ ወደፊት መሄድ ነው፤ መኪናው እስካልቀነሰ ድረስ ጉልበቱ አያልቅም።

የፊት ጎማዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚነሱና የሚወርዱበት አሠራር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ መኪኖች ላይ ከተስፋፋባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህን ችግር መሸሽ ነበር። አዳዲሶቹ ሀይሉክሶች ይህ አሠራር ስላላቸው ብርቱ እስክስታ ብዙም አይታይባቸውም። ወጥ አክስል ግን በከባድ ፒክአፕ ላይ የቀረው ጠንካራና ለመጠገን ቀላል ስለሆነ ነው፤ ለገጠር መንገድ የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጤነኛ ወጥ አክስል እስክስታ አይመታም። መጋጠሚያዎቹ ጥብቅ ከሆኑ የመጀመሪያው ንቅናቄ ወዲያው ይታፈናል። እስክስታ የሚጀምረው አንድ ቦታ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜም ብዙ ቦታ ላይ በትንሽ በትንሹ፣ ክፍተት ሲፈጠር ነው።

ጠጠሩ ያላላል፣ አስፋልቱ ያጋልጣል

ከዋናው አስፋልት ወጥተው ወደ ቋሪት፣ ወደ ደጋ ዳሞት ወይም ከቡሬ ወደ ወምበርማ የሚዘልቁ መኪኖች የፊት እግራቸው የሚያልቀው በጠጠርና በኮረኮንች ላይ ነው። እዚያ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ የላላው ነገር ራሱን አይገልጥም፤ መንገዱ ራሱ ስለሚያናውጥም ሹፌሩ ልዩነቱን አይሰማም። መኪናው ወደ አስፋልቱ ተመልሶ 70 ሲያልፍ ነው ሒሳቡ የሚጠየቀው። ስለዚህ «በአስፋልት ላይ የመጣ ብልሽት» ብሎ የአስፋልቱን ጉዞ ብቻ መመርመር ያሳስታል።

በላንድ ክሩዘር ቀድመው የሚታዩ ቦታዎች እነዚህ ናቸው። ከ1999 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራው 75 ፒክአፕ ፊቱ በባሌስትራ የተቀመጠ ነው፤ እዚያ የባሌስትራው ቦኮላዎች ያልቃሉ። ከዚያ ወዲህ ያለው 79 ግን ፊቱ በሞላ ነው። ሞላ ክብደት ይሸከማል እንጂ አክስሉን ወደ ጎን እንዳይንሸራተት አይዝም፤ ያን የሚሠራው ከአክስሉ አንድ ጫፍ ተነስቶ በአግድም ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው ዘንግ ነው። የዚህ ዘንግ ጎሚኒ ካለቀ ወይም የብሎኑ ቀዳዳ ከሰፋ አክስሉ ወደ ጎን ይጫወታል።

ሌላው ጎማው የሚታጠፍበት መጋጠሚያ ነው። በላንድ ክሩዘር አክስል ጫፍ ላይ ክብ ቤት አለ፤ ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ትንንሽ ኩሽኔታዎች ላይ ጎማው ወደ ግራና ቀኝ ይታጠፋል። ውስጡ ግራሶ የተሞላ ነው። ከዲፍረንሻሉ በኩል ያለው የዘይት ሲል ሲያልቅ ዘይቱ ወደዚህ ቤት ይገባና ግራሶውን ያጥበዋል፤ ወንዝ ሲሻገር የሚገባ ውሃም እንዲሁ ያደርጋል። ቤቱ በውጪ በኩል በዘይትና በግራሶ ቅልቅል ረጥቦ ከታየ ኩሽኔታዎቹን ከፍቶ ማየት ነው።

ቴስቲኒ፣ የጎማ ኩሽኔታ፣ የመሪ ሳጥን ክፍተት፣ የግራና የቀኝ ጎማ አየር አለመመጣጠን ወይም ያለቀና አዲስ ጎማ ጎን ለጎን መግጠም ይከተላሉ። ክረምት ላይ ደግሞ በቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ብቻውን ጎማን ባላንስ ያሳጣል። መጋጠሚያው በላላ መኪና ላይ እስክስታን ለመቀስቀስ ይህ ይበቃል፤ ስለዚህ ማንኛውም ፍተሻ ከእጥበት ይጀምር።

የመሪ ሾክ ወጥመድ

በብዙ ወጥ አክስል መኪኖች ላይ መሪን የሚያረግብ አንድ ትንሽ ሾክ አለ። አዲስ ሾክ ሲገጠም እስክስታው ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ሹፌሩም «ዳነ» ይላል። ሾኩ ግን ንቅናቄውን ያፍናል እንጂ ክፍተቱን አይዘጋም። ቦኮላው መላላቱን ይቀጥላል፣ ሾኩም ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ቶሎ ይደክማል፤ ሕመሙ ሲመለስ በሰፋ ክፍተት ይመለሳል። ሾክ መቀየር ካስፈለገ መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ከተቀየረ ለመካኒኩ የቀረውን ምልክት ይደብቃል።

ፍተሻው

ሁለት ሰው ይበቃል። መጀመሪያ መኪናው በጎማው ላይ እንደቆመ አንዱ መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ ቶሎ ቶሎ ያወዛውዛል፤ ሌላው ሥር ሆኖ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጁ ይዞ ይሰማል። ዘንጉ ሲንቀሳቀስ ጫፉ ዘግይቶ ከተከተለ፣ ወይም ብሎኑ በቀዳዳው ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ክፍተቱ እዚያ ነው። በክሪክ ከተነሳ ይህ ፍተሻ አይሠራም፤ ክብደቱ በመጋጠሚያዎቹ ላይ መኖር አለበት።

ቀጥሎ የመኪናው ፊት በክሪክ ይነሳና ከሥሩ ድጋፍ ይደረጋል። ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዞ ሲነቀንቁ የሚሰማ ክፍተት ወደ ቴስቲኒ ያመለክታል። ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀንቁ የሚሰማው ከጎማው ኩሽኔታ ወይም ከመታጠፊያው ነው። ሁለቱን ለመለየት አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ክፍተቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ መታጠፊያው ነው። ይህች አንዲት ፍተሻ ያለቦታው የሚፈታን ዕቃ ታድናለች።

በመንገድ ላይ

እስክስታ ሲነሳ መሪውን በጠንካራ እጅ ይዞ ቀጥታ መጠበቅ፣ ነዳጅ መልቀቅ፣ ፍጥነቱ ሲወርድም ዳር መያዝ ነው። ፍሬን በድንገት መርገጥና ከመሪው ጋር ግብግብ መግጠም መኪናውን ከመስመሩ ሊያወጣው ይችላል። ከተረጋጋ በኋላ እስከ ጋራዡ ዝግ ብሎ መንዳት፤ አንዴ የተነሳ እስክስታ በሚቀጥለው ጉድጓድ ይመለሳልና።

አጠቃቀም

ግሡ እንደ ጭፈራው «እስክስታ መምታት» ነው፦ «ጎማው እስክስታ ይመታል»። ለመካኒኩ ሦስት ነገር አብሮ ቢነገር ግማሽ ሥራው ተሠርቷል፦ በስንት ፍጥነት እንደጀመረ፣ ምን እንደቀሰቀሰው፣ ምን ሲደረግ እንደተወ። ለምሳሌ፦ «75 ላይ ጉድጓድ ሲነካ እስክስታ ይመታል፣ ነዳጅ ሲለቀቅ ይተዋል፤ ፍሬን ላይ ምንም የለውም።» ይህን የሰማ መካኒክ ሾክ ከማዘዙ በፊት ክሪኩን ያነሳል።