ሙቀቱ የት ሄደ? ኮምፖስት ከአንዳሉስ እስከ ሳጉሬ



አምና ኅዳር ላይ ሳጉሬ ከጓሯችን አጥር ሥር በአሮጌ ጣውላ የኮምፖስት ሳጥን ሠራን። የጎመን ቅጠል፣ የድንች ልጣጭ፣ እበትና የገብስ ገለባ እያፈራረቅን ሞላነው። ከሦስት ወር በኋላ ስንከፍተው ገለባው እንደገባ ቁጭ ብሏል! «ኮምፖስት ለእኛ አገር አይሆንም» ብለን ልንተወው ነበር። ጥፋቱ ግን የኮምፖስቱ አልነበረም፤ ሙቀቱ አምልጦን ነው።

ኮምፖስትን የሚያበስሉት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። ሲበሉ ሙቀት ያወጣሉ። በደንብ የተሠራ ትልቅ ክምር መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ የአረም ዘርን የሚገድለውም ይኸው ሙቀት ነው። ትንሽ ሳጥን ግን ሙቀቱን በጎኑ ያፈሳል። ከ2,400 ሜትር በላይ በምትገኘው ሳጉሬ የሌሊቱ ብርድ ሲጨመርበት ሥራው ይቆማል።

ታሪክ እዚህ ላይ የሚያስተምረን አለ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን በአንዳሉስ፣ በጡለይጡላ (ቶሌዶ) የኖረው ኢብን በሳል በእርሻ መጽሐፉ ከውሃና ከአፈር ቀጥሎ ለፍግ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኢሽቢሊያው (ሴቪያ) ኢብኑል ዐዋምም «ኪታቡል ፊላሓ» በተሰኘው ሰፊ ሥራው ስለ ፍግ ጽፏል፤ መጽሐፉ በ1802 እ.ኤ.አ. በስፓንኛ ተተርጉሞ ታትሟል። ለእነዚህ ሊቃውንት ፍግ የሚናቅ ቆሻሻ ሳይሆን የሚጠና ዕውቀት ነበር።

ከ1924 እስከ 1931 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው አልበርት ሃዋርድ በህንድ ኢንዶር ከገበሬዎች እየተማረ የኮምፖስት ዘዴውን ቀመረ። በደረቁ ወራት በጉድጓድ፣ ዝናብ ሲመጣ ከመሬት በላይ በክምር ያዘጋጅ ነበር። በአገራችንም በ1996 እ.ኤ.አ. በትግራይ የተጀመረው የኮምፖስት ሥራ፣ ዝናብ በሚያጥርበት ምድር እርጥበት እንዳይሸሽ ጉድጓድን ተጠቅሟል። ልብ በሉ! ሁሉም ዘዴውን ከአየሩ ጋር አስማማ።

እኛስ? በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) አሰላ ላይ ተቋቋመ። ምርጥ ዘር፣ የፋብሪካ ማዳበሪያና ብድር በአንድ ላይ አቀረበ። ምርት ጨመረ፤ ይህን መካድ ታሪክን መበደል ነው። የትራክተር እርሻ ሲስፋፋ ከመሬታቸው የተነሱ ጭሰኞች መኖራቸውም አይረሳም። ከዚያ ወዲህ ማዳበሪያ ስንል በጆንያ ታሽጎ ከውጭ የሚመጣው ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይነዳል። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ዙሪያ ሲንር የሁላችንም ቤት ደነገጠ።

ለደጋው የሚስማማው መልስ እጃችን ላይ ነው፤ ጭድ! ዘንድሮ ሳጥኑን እንዲህ አደረግነው፦

ወርዱንም፣ ቁመቱንም፣ ርዝመቱንም አንድ አንድ ሜትር አደረግን፤ ከዚያ ካነሰ ሙቀት አይዝም። ክረምት ላይ ጉድጓድ ውሃ ስለሚሞላ ከመሬት በላይ፣ አየር እንዲገባ ወፍራም ጭራሮ አንጥፈን አስቀመጥነው። በባዶ የማዳበሪያ ጆንያዎች ደረቅ የገብስ ጭድ ጠቅጥቀን በአራቱም ጎን አቆምን። ጭዱ ከራሰ ሙቀት መያዙን ስለሚተው ከላይ ላስቲክ ጋረድንበት። አፉን በጭድ ከረጢት ከደንን፤ ግን አልደፈንነውም፤ አየር ካጣ ይገማል።

መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰካን። በሳምንቱ ነቅለን በእጃችን ስንዳስሰው ይሞቃል፤ አልሐምዱሊላህ! ሲቀዘቅዝ አገላብጠን መልሰን እንከድነዋለን።

አንድ ነገር እንዳይረሳ፤ ጭድ ሙቀት አይፈጥርም፣ ያለውን ይጠብቃል እንጂ። እርጥቡና ደረቁ ካልተመጣጠነ የሚጠበቅ ሙቀትም የለም።

ወንድሜ፣ እህቴ! የከተማ ልጅ ነኝ ብለህ፣ ነኝ ብለሽ አትለፉት። ጆንያው ከየቤቱ፣ ጭዱ ከገበያ ይገኛል። የቀደሙት በየአየራቸው መላ ፈጥረዋል፤ የሳጉሬን ብርድ የምናውቀው ደግሞ እኛው ነን።

አላህ በሥራችን በረካ ያድርግልን።