ስንዴ፣ ጤፍና የሴሊያክ ሕመም

ሰው የሚበላው ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ፔፕታይድ ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል። አብዛኞቹ የበለጠ ደቅቀው ወደ ደም ይገባሉ። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለው ፕሮቲን ግን በቀላሉ አይፈጭም። በ2002 ተመራማሪዎች 33 አሚኖ አሲዶች ያሉትና ሆድ ሊፈጨው የማይችል የስንዴ ፔፕታይድ ይፋ አድርገዋል።

ይህ ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግን በሽታ ተከላካይ ሕዋሳቱ ፔፕታይዱን እንደ ጠላት ቆጥረው ይነሣሉ፤ በዚህም የራሱን የትንሹን አንጀት ሽፋን ያቆስላሉ።

ምልክቶቹ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋትና የክብደት መቀነስ ናቸው። በአዋቂዎች ላይ አንዳንድ ጊዜ ሆድ ሳያም የደም ማነስ ወይም የአጥንት መሳሳት ብቻ ይታያል። ተጋላጭነቱ በዘር ስለሚወረስ የታማሚው ወላጆች፣ ልጆች፣ ወንድሞችና እኅቶችም እንዲመረመሩ ይመከራል።

ንጹሕ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላና በቆሎ ግሉተን የላቸውም። የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት እንጀራ ግን ታማሚውን ይጎዳል፤ የስንዴ ዳቦ፣ የገብስ በሶና የገብስ ጠላም እንዲሁ። ስለዚህ እንጀራ ከሱቅ ሲገዛ ምን ዱቄት እንደገባበት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሕክምናው ግሉተንን ለዕድሜ ልክ መተው ነው፤ ያኔ አንጀቱ በአብዛኛው ቀስ በቀስ ይድናል። ሆኖም ከደም ምርመራ በፊት ስንዴ ማቆም ሕመሙ እንዳይታወቅ ሊያደርግ ይችላል። ምግብ ከመቀየር በፊት የኩፓት ሆሊም ሐኪምን ማማከር ይቀድማል።