ከማጠቢያው በታች

የምዕራብ ሸዋ ውሃ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ አይፈስም። ከጊንጪ አካባቢ ከፍታዎች የሚነሣው አዋሽ ወደ ምሥራቅ አቅንቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በአምቦ ከተማ የሚያልፈው ሁሉቃ ደግሞ በጉደር ተፋሰስ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከጊንጪ አምቦ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ሆኖም ጊንጪ ላይ የታጠበ ልብስ እድፉን ለአፋር ሲልክ አምቦ ላይ የታጠበው ለሱዳን ይልካል። መድኃኒትነት ያለው ነገር ከእጣቢ ጋር ወንዝ ሲገባ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ በሳይንስ የተመረመረው እንዲህ ካለ የልብስ ማጠቢያ ዳር ተነሥቶ ነው።

አምቦ ራሷ ስሟን ያተረፈችው በውሃዋ ፈዋሽነት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር። ሕመምተኛው ወደ ፍልውሃው የሚሄደው ለመታጠብ ነው፤ ጋዝ ያለው ውሃ ደግሞ ለጨጓራና ከከባድ ምግብ በኋላ ይጠጣል። ይህ ውሃ ሶዲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ከባይካርቦኔት ጋር የበዛበት ሲሆን፣ ከከተማዋ ወጣ ባለችው ሰንቀሌ በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ ነው። የማዕድኑ ነገር ኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ከፍልውሃው ጎን ለጎን የደጋው ሰው የራሱ መድኃኒት ነበረው፤ ኮሶ፣ በኦሮምኛ ሄጦ። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል የማይቀር ዕዳ ስለሆነ፣ የዛፉ አበባ ደርቆና ተወቅጦ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በየሁለት ወሩ ገደማ በባዶ ሆድ ይጠጣ ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ሥራ አይጠየቅም፤ ሎሌ እንኳ ከጌታው ፈቃድ የሚያገኝበት ቀን ነበር። የሚያስወጣውም ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ ወንዝ ይታጠባል። ይህ መድኃኒት በውሃው ላይ ምን እንዳደረገ ያኔ የጠየቀ አልነበረም። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ተክል ወንዝን እንደሚመርዝ አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጣል ዓሣው ደንዝዞ እንደሚንሳፈፍ የሚያውቁ አጥማጆች መረብም መንጠቆም ሳይዙ ዓሣ ይሰበስቡ ነበር።

እንዶድ የሁለቱም ወገን ነው፤ መድኃኒትም ነው፣ መርዝም ነው። በኦሮምኛ ሃንዶዴ የሚባለው ይህ ሐረግ መሰል ቁጥቋጦ በደጋና በወይና ደጋ አጥር ላይ የሚወጣ ሲሆን፣ በባህላዊ ሕክምና ለትልም ለሌላም ይውላል፤ ጽንስ ለማስወረድም ሲወሰድ ቆይቷል፣ ሰውን ለአደጋ የዳረገበት ጊዜም ብዙ ነው። ዋና ሙያው ግን እጥበት ነበር። ፍሬው ሳይበስል ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ሲታሽ ነጭ አረፋ ያወጣል። ጋቢና ነጠላ፣ ቀሚስና እጀ ጠባብ ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለእሬቻና ለጥምቀት ወደ ወንዝ ይወርዱና በእንዶድ ተለውሰው በድንጋይ ላይ በእግር ይረገጡ ነበር፤ ከዚያ በሣር ላይ ይሰጡ ነበር። የእንዶድ ንጣት ክሩን አይጎዳም ተብሎ ስለሚታመን፣ የጥጥ ልብስ ወዳጆች ሳሙና ከመጣ በኋላም ቶሎ አልተዉትም። በየሱቁ ደረቅ ሳሙናና ኦሞ ሲበዛ ነው እንዶድ ወደ አጥር ተክልነት የተመለሰው።

እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ የተባለ ወጣት የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪ በዓድዋ የቢልሃርዚያ በሽታን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ያጠና ነበር። የበሽታው ትል በሰው አካል ከመራባቱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማለፍ ግድ ስለሚለው፣ ቀንድ አውጣው ከሌለ በሽታው አይተላለፍም። አክሊሉ ከልብስ አጣቢዎቹ በላይ ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት እንዳሉ፣ ከበታቻቸው ግን ብዙዎቹ ሞተው እንደሚንሳፈፉ አየ። ሕያው ቀንድ አውጣ ባለበት ዕቃ ውስጥ ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምር ጠየቀ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ዛሬ የፍሳሽን ጉዳት የሚለካ ባለሙያ ከምንጩ በላይና በታች ናሙና ወስዶ ያነጻጽራል፣ ከዚያም በቤተ ሙከራ ያረጋግጣል። የዓድዋው ሥራ ከዚህ የጎደለው መስታወትና መዝገብ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ረጅም ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። የዕፅዋት ባለሙያው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድ ዝርያዎችን አሰባስቦ ሲያወዳድር ቀንድ አውጣ በመግደል ኃይሉ የላቀው 44 ቁጥር የተሰጠው ሆነ። በዓድዋ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በተደረገው የመስክ ሙከራ በትናንሽ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በአሜሪካ የተለየው ገዳይ ንጥረ ነገርም በአክሊሉ ስም «ለማቶክሲን» ተባለ።

የእንዶድ ተወዳዳሪ ኒክሎሳማይድ ነበር፤ የጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሠራው ውህድ። የኒክሎሳማይድ ታሪክ ለምዕራብ ሸዋ ከእንዶድም ይቀርባል። ይኸው ውህድ በአንድ ስም ወንዝ ውስጥ የሚጨመር የቀንድ አውጣ መግደያ፣ በሌላ ስም ደግሞ የኮሶ ትል ማስወጫ ክኒን ነው። የኮሶን መራራ ጽዋ በየቤቱ ያስተወው ክኒን፣ መጠኑ ይለያይ እንጂ፣ በወንዝ ዓሣ የሚገድለው ነገር ነው። በሰው ሆድ ያለው ትልና በወንዝ ያለው ቀንድ አውጣ ለአንድ መርዝ ሲሸነፉ፣ መድኃኒት ከሰው አካል ሲወጣ ሥራውን አቁሟል ብሎ ማሰብ እንደማያዋጣ ከዚህ የቀለለ ማስረጃ አይገኝም።

እንዶድን ግን ዓለም አቀፍ ተቋማት ለመቀበል ዘገዩ። ክርክሩ የመርዛማነት ምርመራው በታወቀው የቤተ ሙከራ ሥርዓት አልተሠራም የሚል ነበር። ለዘመናት ልብስ ሲታጠብበት መኖሩ እንደ ማስረጃ አልተቆጠረም፤ ሚዛናዊ ለመሆን፣ መቆጠርም አልነበረበትም፣ እንዶድ ዓይን የሚያቃጥልና ዓሣ የሚገድል ነውና። ችግሩ ምርመራው የሚጠይቀው ገንዘብ ድሃ አገር የማትችለው መሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካናዳ ድጋፍ ምርመራው ተሠራ፤ እንዶድ በውሃ ውስጥ ከሁለት ቀን ባልበለጠ ጊዜ እንደሚፈርስም ታወቀ። አክሊሉና ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተካፈሉ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቱቦ የሚዘጋውን «ዜብራ» የሚባል ባለ ዛጎል ፍጥረት ለማጥፋት እንዶድ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተሞክሯል።

በእንዶድ ነገር ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጀመሪያ የታየው በወንዙ ላይ ያለው ጉዳት ነው፣ የሰው ደኅንነት ምርመራ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። የፋብሪካ መድኃኒት በተቃራኒው ለሰው ከተመረመረ በኋላ ነው ወንዙ የሚታወሰው። በካናዳ ኦንታሪዮ ተመራማሪዎች በአንድ የሙከራ ሐይቅ ውስጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ሆርሞን በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም ብቻ ለሦስት ዓመታት በየሞቃቱ ወቅት ጨምረው፣ ወንዶቹ ዓሦች የሴት ጠባይ ይዘው አንዱ ዝርያ ሊጠፋ እንደደረሰ እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተሙ። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ፣ በወንዝ ውስጥ ይገኛል ተብሎ የሚገመተው መጠን በሊትር 0.01 ማይክሮግራም የደረሰ አዲስ መድኃኒት ተጨማሪ የውሃ ምርመራ ያልፋል።

በኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም.፣ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በ2011 ዓ.ም. ወጥተዋል። የአንደኛው መነሻ ፍሳሹ፣ የሌላው መነሻ ክኒኑ ነው። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ደግሞ ፍሳሹ ወደ ማጣሪያ የሚሄድበት የጋራ ቱቦ የለም ማለት ይቻላል፤ ሰው የዋጠው መድኃኒት ወደ ጉድጓድ ይወርዳል፣ የእጣቢው ውሃ በመንገድ ዳር ቦይ አድርጎ ወደ ሁሉቃ፣ ወደ ጉደር ወይም ወደ አዋሽ መጋቢዎች ይሄዳል።

ናኖ ቅንጣት ወደዚህ መንገድ የገባ አዲስ እንግዳ ነው። ስፋቱ ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር ሲሆን፣ አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የካንሰር መድኃኒትን በቅባት ከረጢት ጠቅልሎ የሚያደርሰው ዶክሲል እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ብር በቁስል ፋሻ ላይ፣ ብረት በደም ማነስ መርፌ ውስጥ በዚሁ መጠን ይሠራባቸዋል። ቅባቱ ይፈርሳል፤ ብረታ ብረቱ ግን አይፈርስም፣ መልኩን ይለውጣል እንጂ። ኮሶም ተመልሶ መጥቷል። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኮሶ ቅጠል ጭማቂ የመዳብ ናኖ ቅንጣት ሠርተው ባክቴሪያ ላይ መሞከራቸውን እ.ኤ.አ. በ2020 አሳትመዋል። መዳብ ራሱ፣ በሰልፌት መልኩ፣ ከእንዶድና ከኒክሎሳማይድ በፊት በግብፅ ቦዮች የተጨመረ የቀንድ አውጣ መርዝ ነው።

ምርመራው በተለምዶ በሦስት ፍጥረታት ይጀምራል። አልጌ ለ72 ሰዓት፣ ዳፍኒያ የምትባል ትንሽ የውሃ ፍጥረት ለ48 ሰዓት፣ ዓሣ ለ96 ሰዓት በተለያየ መጠን ይፈተናሉ። ለሚሟሟ ክኒን ይህ ለመነሻ ይበቃል። ብዙው ናኖ ቅንጣት ግን እንደ ክኒን አይሟሟም፣ ተንሳፍፎ ይቆያል ወይም ተጣብቆ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ኦኢሲዲ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ለዚሁ የተለየ ሙከራ አወጣ። ሙከራው የውሃውን አሲድነት፣ ካልሲየሙንና ከበሰበሰ ዕፅዋት የሚመጣውን ንጥረ ነገር እየለዋወጠ ቅንጣቱ ምን ያህል ተንሳፍፎ እንደሚቆይ ይለካል። ካልሲየም ቅንጣቶቹን ያጣብቃል፣ የብስባሹ ውሃ ደግሞ ለያይቶ ያንሳፍፋቸዋል። አየር በማያገኝ ፍሳሽ ውስጥ ብር ከድኝ ጋር ተጣምሮ መርዝነቱ በብዙ ይቀንሳል።

በዚህ መለኪያ የአምቦ ውሃ ለብቻው መታየት አለበት። የማዕድን ውሃ የሚቀላቀልበት ቦታና ከበላዩ ያለው ወንዝ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም፤ በበጋ የጠራው ሁሉቃና በክረምት አፈር ጠጥቶ የቀላው ሁሉቃም እንዲሁ፣ ጭቃው ራሱ ቅንጣት ስለሚይዝ። ለስላሳ የቤተ ሙከራ ውሃ ውስጥ ዳፍኒያን የገደለ መጠን እዚህ ሊሰምጥና ዳፍኒያን ሊያልፋት ይችላል። ከሰመጠ በኋላ የሚያገኘው የወንዙን ወለል የሚግጠውን ነው። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2016 በኦኢሲዲ የወጡት ሁለት ሙከራዎች አሉ፤ በሁለቱም ቀንድ አውጣ ለ28 ቀናት ይያዛል፣ በአንደኛው የጣላቸው እንቁላሎች፣ በሌላው ያረገዛቸው ግልገሎች ይቆጠራሉ።