የስም ቁጥርና የዳዊት ኅዳግ

የአዲስ አበባ ታላቁ ገበያ በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረበት ዘመን፣ ሰው ወደዚያ የሚወጣው እህልና ጨው ሊገዛ፣ ዐዋጅ ሊሰማ፣ ወሬ ሊቃርም ነበር። ጭንቅ የያዘው ሰው ግን በከተማም ሆነ በገጠር ሌላ ጉዳይ ነበረው። ልጁ የታመመበት፣ ሙግት የጀመረ፣ ሚስት ያጨ፣ ሩቅ አገር ለመሄድ የተነሣ ሁሉ «ኮከቤ ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቀውን ደብተራ ይፈልግ ነበር።

ደብተራው የሚገልጠው መጽሐፍ ዐውደ ነገሥት ይባላል። ዐውድ ማለት ዙሪያ፣ ክበብ ማለት ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ የጠያቂው ስም ከእናቱ ስም ጋራ በፊደል ይቆጠራል፤ ፊደል ሁሉ የየራሱ ቁጥር አለውና ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ የሚተርፈውም ቁጥር የሰውየውን ኮከብ ያሳያል። ከዋክብቱ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ ዐቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊና ሑት ናቸው። ስማቸው ከዐረብኛ መምጣቱ ትምህርቱ በየት በኩል ወደ አገራችን እንደ ተሻገረ ያመለክታል። በአደባባይ በአባቱ ስም የሚጠራው ሰው በዚህ ስሌት በእናቱ ስም መቈጠሩም ልብ ሊባል ይገባል፤ አባት ያከራክር እንደ ሆነ ነው እንጂ እናት አታከራክርምና።

ስሌቱ ግን አንድ ችግር አለበት። ስሙ በሃሌታው ሀ ይጻፍ ወይስ በሐመሩ ሐ፣ በንጉሡ ሠ ወይስ በእሳቱ ሰ፣ በጆሮ አይለይም፤ በቁጥር ግን ይለያያል። ስለዚህ አንድ ሰው እንደ ጸሓፊው ልማድ ዛሬ አሰድ፣ ነገ ሰንቡላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ዕድሉ ከሰማይ ወርዶ በብርዕ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሳለ መጽሐፉ እስከ ዛሬ ድረስ አልተረሳም፤ ታትሞም በአዲስ አበባ መጽሐፍ አዟሪዎች እጅ ሲሸጥ ኖሯል። ኀይሉም ያለው ስለ ነገ በሚናገረው ብቻ አይመስልም። ኮከቡ ከታወቀ በኋላ መጽሐፉ የሰውየውን ጠባይ ይዘረዝራል፤ ቁጣውን፣ ልግስናውን፣ የሚያሠጋውን ሕመም፣ የሚታረድለትን የዶሮ መልክ ሳይቀር ይናገራል። ጠያቂውም እያዳመጠ «ይህስ እውነት ነው፤ ይኸኛው ግን እኔን አይደለም» ይላል። ነገ ምን እንደሚመጣ ሊጠይቅ ሄዶ፣ ሳያስበው ራሱን ሲመረምር ይገኛል።

ኦሪት ዘዳግም በ18ኛው ምዕራፍ ጥንቈላንና ሟርትን ይከለክላል። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በመጽሐፈ ብርሃን ጠንቋዮችን አጥብቆ አውግዟል። ነገር ግን ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ማትያስን የመረጡት በዕጣ ነበርና፣ ዕጣና ጥንቈላ የሚለዩበት ወሰን ለተራው ምእመን ሁልጊዜ የተገለጠ አልነበረም። ስም የሚቆጥረውም ሰው ብዙ ጊዜ በማኅሌት የሚቆመው ያው ደብተራ ነበር።

ለአራዳ ፒያሳ የሚለውን ስም ያተረፈው፣ ታላቁንም ገበያ ወደ ምዕራብ ወደ መርካቶ ያዛወረው፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቈየው የጣልያን ወረራ ነው። በእነዚሁ ጣልያኖች አገር፣ በሰሜኑ መኳንንት ቤት፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ታሮት የሚባል 78 ቅጠል ያለው ካርታ ተሠርቶ ነበር፤ ከእነዚህ 22ቱ የልዩ ልዩ ሥዕል ናቸው። መጀመሪያ መጫወቻ ብቻ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1781 ግን አንቷን ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ ካርታው የጥንት ግብፃውያን የተሰወረ ጥበብ ነው ብሎ ጻፈ። ሻምፖልዮን የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት የፈታው በ1822 ስለ ሆነ፣ ሰውየው ሊያነበው በማይችለው ቋንቋ መመስከሩ ነበር። ሕዝቡ ግን ወደደለት። በዘመናችን ብዙዎች በዚህ ካርታ ሟርት አይጠይቁበትም፤ አንዱን ቅጠል ስበው ሥዕሉን ይመለከቱና በልባቸው የቀሰቀሰውን በደብተር ይጽፋሉ። በዐውደ ነገሥት ፊት የተቀመጠው ሰው በአፉ ያለውንና የረሳውን፣ እነዚህ በቀለም ያስቀሩታል።

በኢትዮጵያም ለራስ ነገር መጻፊያ የሚሆን ስፍራ ጠፍቶ አያውቅም፤ በዐውዱ ውስጥ አይደለም እንጂ በብራናው ኅዳግ ነበረ። በዳዊትና በሌሎች መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎች ላይ የልጅ ልደት፣ የዘመድ ዕረፍት፣ የርስት ውል፣ የራብ ዘመን ተጽፎ ይገኛል። አጭር ነው፤ አንዳንዴም ከማጠሩ የተነሣ ያሳዝናል። ልጅ የሞተበትን ቀን ይናገራል፤ አባት በዚያች ሌሊት ምን እንዳሰበ አይናገርም። የልብ ነገር ለነፍስ አባት ይነገራል እንጂ በብራና አይሰጣም የሚል ልማድ ነበረና።

ማተሚያ ቤትና ወረቀት በአዲስ አበባ ሲበዙ፣ ብርሃንና ሰላም ጋዜጣም ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ሲወጣ፣ ኅዳጉ እየሰፋ ደብተር ሆነ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉት ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ከ1896 እስከ 1922 ዓ.ም. ያለውን ዘመን በትዝታ መልክ ጽፈዋል፤ ነገሥታቱም፣ ከተማይቱም፣ የገዛ ሕይወታቸውም አብረው ይገኙበታል። ለመጽሐፋቸው የሰጡት ስያሜ ምስክርነታቸው ከየት እንደ መጣ ያስታውቃል፤ «ካየሁትና ከሰማሁት» ይላል። ታትሞ ለሕዝብ የደረሰው እርሳቸው ካረፉ በኋላ ነው።