የአንጎል ግንድ ዕጢ መስለው የሚታዩ የብግነት በሽታዎች

የአንጎል ግንድ አንጎልን ከኅብለ ሰረሰር ጋር የሚያገናኝ፣ ትንፋሽን፣ የልብ ምትን፣ መዋጥንና የዓይን እንቅስቃሴን የሚመራ የአንጎል ክፍል ነው። በዚህ ጠባብ ስፍራ የሚደርስ ጉዳት መንስኤው ቢለያይም ምልክቶቹ ይመሳሰላሉ፦ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ የፊት መጣመም፣ የመዋጥና የመናገር ችግር፣ ሚዛን መሳት። በኤም.አር.አይ. ምስል ላይ ያበጠ ክፍል ሲታይም ዕጢ እንደሆነ ሊገመት ይችላል። ይሁን እንጂ እብጠቱ በመድኃኒት የሚድን ብግነት ሊሆን ስለሚችል፣ ታካሚውም ሆነ ቤተሰቡ ምርመራው ሳይጠናቀቅ ተስፋ ሊቆርጡ አይገባም።

በአገራችን በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባው የአንጎል ቲቢ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ በአንጎል ውስጥ ቲዩበርኩሎማ የተባለ እብጠት ይፈጥራል። የደረት ራጅ ንጹሕ መሆኑ ይህን በሽታ አያስቀርም። በመሆኑም ክብደት የቀነሰ፣ ሌሊት የሚያልበው ወይም በቤቱ የቲቢ ታማሚ የነበረ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል። ሕክምናው 12 ወራት ያህል የሚወስድ ሲሆን መድኃኒቱ በመንግሥት የጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ እብጠቱ ለጊዜው ሊጨምር ስለሚችል በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አደገኛ ነው። የኤች.አይ.ቪ. ምርመራም አስፈላጊ ነው፤ የመከላከል አቅም ሲዳከም ቶክሶፕላዝሞሲስ ተመሳሳይ እብጠት ያስከትላልና።

ሌሎቹ የሰውነት መከላከያ ራሱን አንጎልን ሲያጠቃ የሚከሰቱ ናቸው። መልቲፕል ስክለሮሲስ አንዱ ነው። ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ ለቀናት የማያቋርጥ ስቅታና ትውከት ሊያስከትል ስለሚችል አንዳንድ ጊዜ የጨጓራ ሕመም ይመስላል። የቤህቼት በሽታ ደግሞ በአፍና በብልት ላይ በሚመላለስ ቁስል ይጠረጠራል። በ2010 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው ክሊፐርስ በስቴሮይድ ፈጥኖ ይሻላል፤ መድኃኒቱ ሲቀንስ ግን ይመለሳል።

ብግነት በአብዛኛው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይባባሳል፤ ዕጢ ግን ብዙውን ጊዜ ቀስ ይላል። ይህ ጠቋሚ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። በስቴሮይድ መሻልም እንዲሁ፦ ሊምፎማ የተባለው ካንሰር በዚሁ መድኃኒት ለጊዜው ሊጠፋ፣ የናሙና ምርመራውንም ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ስቴሮይድን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መውሰድም፣ የተጀመረውን በድንገት ማቆምም አይፈቀድም። ከአንጎል ግንድ ናሙና መውሰድ የራሱ አደጋ ያለው በመሆኑ ሐኪሞች አስቀድመው የደምና የጀርባ ፈሳሽ ምርመራ ያዝዛሉ፤ ኤም.አር.አይ.ውንም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሊደግሙት ይችላሉ።

ወደ ነርቭ ሐኪም የተላኩ ተገልጋዮች የሪፈራል ወረቀታቸውን፣ የምርመራ ውጤታቸውን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ እንዲሁም የኤም.አር.አይ. ፊልሙን ወይም ሲዲውን ይዘው ይቅረቡ፤ የጽሑፍ ሪፖርቱ ብቻ በቂ አይደለም። መተንፈስ ወይም መዋጥ ያቃተው፣ ራሱን የሳተ ታማሚ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት።