ከሙግት አደባባይ ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት

«በሕግ አምላክ» ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይላል ያገራችን ሰው። ከመካነ ሰላም በስተምዕራብ፣ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ቆሞ ይህን አባባል የሚያስታውስ ሰው፣ የቦረና ደጋ ገበሬ በሕግ ላይ የነበረው እምነት ምን ያህል ብርቱ እንደ ነበር ይገባዋል። ርስት በትውልድ ሐረግ እየተቈጠረ በሚወረስበት አገር መሬት የኑሮ መሠረት፣ ሙግት ደግሞ የመሬት አጥር ነበር። የጠበቃም ሙያ የበቀለው ከዚሁ አጥር ሥር ነው።

የጥንቱ ነገር አዋቂ ትምህርት ቤቱ የዳኛ አደባባይ ነበር። በ«በላ ልበልሃ» ሥርዓት ተሟጋቾች ከዛፍ ጥላ ሥር ፊት ለፊት ቆመው፣ ነገራቸውን ቤት በሚመታ ንግግር እያቀረቡ በውርርድ ይከራከሩ ነበር። ይህ ጥበብ ከቃል ሥነ ጽሑፋችን ቅርሶች አንዱ ነው። ሆኖም ወሰን ነበረው፤ ነገር አዋቂው በተሰጠው ሕግ ይከራከራል እንጂ ሕጉን አያወጣም።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አርቅቀውት በ1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። ነገር ግን የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባሎች የሚመርጡት መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ዜጋ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ የመጀመሪያውም ጠቅላላ ምርጫ ከዚያ በኋላ ተካሄደ። በሩ ተከፈተ፤ መግቢያው ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። እንደራሴ ለመሆን የሚወዳደር ሰው በምርጫ ክልሉ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱንም አባሎች የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ስለዚህ ርስት ያለው ተሟጋች ከአደባባይ ወደ ምክር ቤት ሊሻገር ቢችልም፣ ጭሰኛው እንደ ጥንቱ ከደጅ ቀረ።

ሙያውም በዚያው ዘመን መልኩን ለወጠ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ3,367 አንቀጾቹ የተመለከታቸውን ጉዳዮች ይገዛ የነበረውን ልማድ ሻረ። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። የአንደበት ሰው የነበረው ጠበቃ የመጽሐፍ ሰው ሆነ።

እንግዲህ ምክር ቤቱ የተፈተነው በመሬት ጥያቄ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በምክር ቤቱ አልፎ ሲወጣ፣ ከቦረና ማዶ፣ ከዓባይ ወዲያ ያለው የጎጃም ገበሬ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነጠቅ ሠግቶ በሞጣና በሌሎችም አውራጃዎች ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻ ግን ውዝፉን ግብር ለመሰረዝ ተገደደ። እንደራሴ አለው የተባለው ሕዝብ ሕጉን የሰማው ከወጣ በኋላ ነበር። የባለመሬቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት ሊወስን የተረቀቀው ሕግ ደግሞ ባለመሬቶች በበዙበት ምክር ቤት ከዓመት ዓመት ሲንከባለል፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ረኀብ መታው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ሲዘጋ ረቂቁ ገና አልጸደቀም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኝነትን አስወገደ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። የመሬት ክርክርም ወደ ገበሬ ማኅበራት ፍርድ ሸንጎ ተላለፈ። ምክር ቤቱ በዓመታት ያልቈረጠውን ነገር ደርግ በአንድ አዋጅ ቈረጠው። ይሁንና ደርግን የመረጠው ገበሬ አልነበረም፤ ሕጉ ለገበሬው ወጣ እንጂ በገበሬው ድምፅ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ሥራ ጀመረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ለክልሎች የየራሳቸውን ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሰጠ። የምክር ቤቱ ስም ተለዋውጧል፤ መመዘኛው ግን አልተለወጠም። ጠበቃ የሚቆመው በሩን ላንኳኳው ባለጉዳይ ነው። ሕግ አውጪ ግን ወደ በሩ መድረስ ላልቻለውም ጭምር ሊቆም ይገባዋል። ከአደባባይ ወደ ምክር ቤት ያለው መንገድ ርዝመቱ ይኸው ነው።