ሐኪሙ መድኃኒት ሲያጣ

ፍሬሽማን ሳለን የእንግሊዝኛ መምህራችን የአርተር ሚለርን «ዘ ክሩሲብል» አንብቡ ሲሉን ያላጉረመረመ አልነበረም። ሐኪም ልሁን ብሎ ለመጣ ሰው የአሜሪካ ጠንቋዮች ምን ያደርጉለታል? ክሩሲብልን የምናውቀው ከኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ሐኪም መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር 1692፣ ቦታው የማሳቹሴትስ ሳሌም መንደር ነው። የሰባኪው ሳሙኤል ፓሪስ የ9 ዓመት ልጅ ቤቲና የ11 ዓመቷ ዘመዷ አቢጌል ዊሊያምስ ይንፈራገጡ፣ ይጮኹ ጀመር። ሐኪም ተጠራ፤ ዊሊያም ግሪግስ እንደሆነ በተለምዶ ይነገራል። ቢመረምር የሚያውቀው በሽታ አልሆን አለው። ልጆቹን ክፉ እጅ ሳይነካቸው አልቀረም አለ። በቃ፣ ጉዳዩ ከሕክምና ወጥቶ ፍርድ ቤት ገባ።

መጀመሪያ የተያዙት ሦስት ሴቶች ናቸው፦ በሰባኪው ቤት በባርነት የነበረችው ቲቱባ፣ ለምና የምታድረው ሳራ ጉድ፣ ታማሚዋ ሳራ ኦስቦርን። ዳኞቹ «መንፈሷ መጥታ አነቀችኝ» የሚለውን ቃል በማስረጃነት ተቀበሉ። ይህን ማን ያስተባብላል? ቤቴ ተኝቼ ነበር ማለት አያድንም። አዎ ጠንቋይ ነኝ ያለ ከገመድ ይተርፋል፣ የካደ ይሰቀላል። 19 ሰዎች ተሰቀሉ። ጋይልስ ኮሪ የተባለ ሽማግሌ ለክሱ መልስ አልሰጥም በማለቱ ድንጋይ ተጭኖበት ሞተ። ቢያንስ 5 ሰዎችም በእስር ቤት አለቁ።

ሚለር ተውኔቱን በ1953 ለመድረክ ያበቃው አሜሪካ ኮሚኒስት በምታድንበት ጊዜ ነው። አቢጌልን የ17 ዓመት ወጣት፣ ወደ 60 የሚጠጋውን ጆን ፕሮክተርን ደግሞ ጎልማሳ አድርጎታል። ሐኪሙን ግን አልተወውም፤ ገና በመጀመሪያው ገቢር መጽሐፎቼ ውስጥ መድኃኒት አጣሁ ብሎ ይልካል። በ1956 ሚለር ራሱ በኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የሌሎችን ስም አልጠራም አለ። ተፈረደበት፤ በ1958 ፍርዱ ተሻረ።

መምህራችን «ሐኪሙ ምን ማለት ነበረበት?» ብለው ጠየቁን። አንዱ የሚጥል በሽታ፣ ሌላው የአንጎል ብግነት፣ እኔም የራሴን ጨመርኩ። ፈገግ አሉና «እናንተም እንደሱ ስም ለማውጣት ቸኮላችሁ» አሉን።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ የሚያንቀጠቅጠው ልጅ ይዘው መጡ። ምርመራዎቹ ምንም አላሳዩም። «ምንም የለውም» አልኳቸው። አክስቱ ወዲያው፣ «አላልኩም? የሐኪም አይደለም! ቡዳ ነው የበላው» ብላ የአንዲት ጎረቤታቸውን ስም ጠራች። ደነገጥኩ። ስም ያወጣሁ አልመሰለኝም ነበር፤ ግን በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሼ አስቀመጥኳቸውና እንዲህ አልኩ፦ «ተሳስቻለሁ። ልጁ በሽታ አለው፤ ምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም። የማንም ሰው እጅ የለበትም። ሳምንት ተመለሱ።»

ተመለሱ። ሴትዮዋ ምን እንደሆነች ግን አልጠየቅሁም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

በግቢያችን የምታስተምሩ ወዳጆቼ፣ የሕክምና ተማሪ ተውኔት ምን ያደርግለታል የሚል ካለ ይህን ንገሩልኝ። «ገና አላወቅሁም» ማለትን የተማርኩት ከዚያ ክፍል ነው።